የእናትሽ ባጅ አልተዘጋም

ለዓይኔ ማረፊያ ለልጄ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ያ ራስ ምታት ተወሽ ወይስ ዛሬም ከኮምፒውተር ፊት ስትነሺ ይይዝሻል? ስልክሽ ይጠራል እንጂ አይነሳም። ስለዚህ በእጄ መጻፍ መረጥኩ፤ ወረቀት እንደሆነ መሐል ላይ አይቋረጥብኝም። እኔ፣ አምላክ የተመሰገነ ይሁን፣ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል፣ ሌላ ሕመም የለብኝም። የእናትሽን አበቦች ጠዋት ጠዋት ውሃ አጠጣለሁ። አንዱ ደርቆብኛል፤ ብደብቅሽ ኋላ መጥተሽ ማየትሽ አይቀርም።

አሁን የምጽፍልሽን ሳትቆጪ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ጋሪው አሁንም በእናትሽ ጠረጴዛ ፊት ይቆማል።

እናንተ ሮቦት ትሉታላችሁ፤ እኛ ማጠቢያ ቤት ያለነው ሙሽራው እንለዋለን። ነጭ አንሶላ ተጭኖ፣ ቀስ ብሎ፣ ማንንም ቀና ብሎ ሳያይ ይሄዳላ! ስሙን ያወጣችለት እናትሽ ናት። «ይሄስ ከኔው ሙሽራ ይሻላል፣ ሲጠሩት ይመጣል» እያለች ሴቶቹን ስታስቅብኝ ትውል ነበር። ከመተኮሻው አንሶላውን ያመጣላታል፣ እሷ ታጥፋለች፣ የሥራ መታወቂያዋን፣ ባጇን፣ ታስነካዋለች፤ ከዚያ ወደኔ ይመጣል፣ እኔ ባጄን አስነክቼ እረከባለሁ፣ አሽጋለሁ። የመስመሩ መጨረሻ እኔ ነኝ።

እያንዳንዷ ንክኪ እናንተ ብሎክቼይን በምትሉት ሰንሰለት ላይ ትጻፋለች። ፕሮግራሙን ስትሠሪው እንዳስረዳሽን ከሆነ ጽሕፈቱ አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ እኛም ዘንድ፣ ሆስፒታሎቹም ዘንድ፣ መድን ሰጪውም ዘንድ አንድ ዓይነት ቅጂ አለ። አንዱ ልሰርዝ ቢል ሌሎቹ ያጋልጡታል። ከተጻፈ ተጻፈ ነው። እኔ በበኩሌ ወድጄው ነበር። የሰው ልጅ የሚሠራውን ሁሉ የሚያይ አንድ ዓይን ከላይ እንዳለ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁና ምንም እንግዳ አልሆነብኝም።

እናትሽ ግን ሰንሰለቱ ላይ ዛሬም ሠራተኛ ናት። ሙሽራውም ሥራ ላይ ያለች መስሎት ግማሹን ጭነት ከሌሎቹ አጣፊዎች ለይቶ ወደሷ ይዞ ይመጣል። ቆሞ ቢጫ መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርጋል፣ ይጮኻል፣ ማንም ሳይነካው ሲቀር ይመለሳል። መጀመሪያ የመጣ ቀን መተኮሻው ላይ የምትሠራው ጓደኛዋ «ውይ፣ ሙሽሪትን ፈልጎ መጣ» አለች። ከዚያ የተናገረችው ገባትና በአንሶላ ፊቷን ሸፈነች።

ተቆጣጣሪው መጣ። ልጅ ነው፣ ክፉ አይደለም፣ ግን ሁልጊዜ የሚያባርሩት ይመስላል። «ጋሼ፣ ባጇ ይዘጋ። እኔ አጽድቄያለሁ፣ የሚቀረው የርስዎ ምስክርነት ነው» አለኝ። የአንድን ሠራተኛ ባጅ ለመዝጋት ሥራውን የሚረከበው ሰው መመስከር አለበት፤ ደንቡ እንደሱ ነው። ስክሪኑን አሳየኝ። «በራሷ ፈቃድ ሥራ ለቃለች» ይላል።

«ይሄ ስለማን ነው?» አልኩት።

«ፎርማሊቲ ነው ጋሼ። ከዝርዝሩ አንዱን መምረጥ ግዴታ ነው።» ዝርዝሩን ከፈተልኝ፦ በፈቃዱ ለቀቀ፣ ተባረረ፣ ተዛወረ፣ ጡረታ ወጣ። በቃ ይኸው ነው።

ልጄ፣ ያንን ዝርዝር አወቅኩት። ሠርተሽ የጨረስሽ ለት ቤት ድረስ ይዘሽ መጥተሽ ሶፋው ላይ በመሐላችን ተቀምጠሽ አሳይተሽን ነበር። እናትሽ መነጽሯን አድርጋ አነበበችና «እዚህ ውስጥ ሞት የለም፤ እንግዲህ ዘላለም አንሶላ ልናጥፍ ነው!» ብላ በሳቅ ፈነዳች። አንቺም ስቀሽ «ኋላ እጨምረዋለሁ እማዬ» አልሽ። እኔም ስቄ ነበር።

ለተቆጣጣሪው አልመሰክርም አልኩት። እናትሽ ለቃ አልሄደችም። ሙቀቱ ከብዷት «ትንሽ ልቀመጥ» ስትል ይሄው ልጅ «ይቺን ጭነት ብቻ ጨርሺልኝ» አላት፤ ጨረሰችለት፣ ባጇን አስነካች፣ እዚያው ወደቀች። እኔ የመጨረሻውን አንሶላ ስረከብ መውደቋን አልሰማሁም ነበር። ይህን በቁጣ አልጻፍኩልሽም። ነገር ግን በዚያ የማይሰረዝ ሰንሰለት ላይ፣ ከዚያች ንክኪ ቀጥሎ፣ ወዳ ሄደች ብዬ ስሜን አላስቀምጥም። እንዲህ ያለ የሐሰት ምስክርነት ይዤ ለጸሎት መቆም አልችልም።

ልጁ ጨነቀው። «እንግዲያው የሷን ባጅ እርስዎ ያስነኩለት፣ ሙሽራው ይሂድልን» አለኝ። ባጇ ኪሴ ውስጥ እንዳለ ያውቃል። «እሷ ዛሬ አንሶላ አጠፈች ብዬ ለሆስፒታሉ ሁሉ ልናገር?» ስለው ለሥራ አስኪያጁ ሊናገር ሄደ።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ተጠራሁ። ወንበር እንኳ ሳይሰጠኝ «አባባ፣ ለአንድ ቃል ብለው መስመሩን ሁሉ አስቆሙት። ማሽኑ እንደሆነ የሚያነበው አይገባው» አለኝ። «ማሽኑ ካልገባው እውነቱን ብንጽፍለት ምን ይጎዳዋል?» አልኩት። «ቃሉ እኛ ዘንድ የለም። እንዲጨመር ለሠሪዎቹ ከጻፍን ቆየን፤ በላክን ቁጥር ገና ነው ይሉናል። ጉዳዩ አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል» አለኝ። የማን ጠረጴዛ እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ከዚያ ተቆጣና «እምቢ ካሉ የርስዎንም ባጅ እንዘጋዋለን!» አለ። ጥግ ላይ የተቀመጠው የኮምፒውተር ሠራተኛ ጉሮሮውን ጠረገ። «አይዘጋም ጌታዬ» አለው። «እሳቸው የመስመሩ መጨረሻ ናቸው፤ ከእሳቸው የሚረከብ የለም። የመጨረሻው ሰው ሲሆን መመስከር ያለበት ሰንሰለቱ ላይ አስረካቢው ተብሎ የተመዘገበው ሰው ነው።»

«እና ማነው የሚያስረክባቸው?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

እኔ የእናትሽን ባጅ ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት፣ አየው፣ መልሼ ያዝኩትና ወደ ሥራዬ ወረድኩ። ሳቄን የለቀቅኩት ደረጃው ላይ ስደርስ ነው። እሷ ካረፈች ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር። ጉልበቴ እንኳ ያን ቀን አላጉረመረመም።

ራሴን አልመረመርኩም እንዳትዪ። ይሄ ሁሉ እምቢታ ለእውነት ነው ወይስ ሙሽራው በጠረጴዛዋ ፊት ሲቆም፣ እሷ እጇን ልታደርቅ ሄዳ አሁን የምትመለስ ስለሚመስለኝ? ለፈጣሪ የነገርኩትን ላንቺም ልንገርሽ፤ ሁለቱም ነው። ቢጫው መብራት ሲበራ ሥራዬን አቁሜ አየዋለሁ። ሲመለስ ግን በየቀኑ ሌላ ነገር ይዞብኝ ይሄዳል። ሰው ሲሞት ሞተ መባል አለበት፤ አለበለዚያ የቀረውም ሰው በቅጡ አይኖርም።

አንዳንድ ቃል ለመጻፍ እጅ እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ የኔ እናት። እኔም ይሄን ደብዳቤ ስጽፍ እዚያች ቃል ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬን ብዙ ጊዜ አስቀምጫለሁ። ሰነፍሽ አልልሽም፤ ረሳሽም አልልም። አልቅሺና ዝርዝሩ ውስጥ ጻፊያት። ሌላ ሰው እንዲጽፋት አልፈልግም፤ ሌላ ሰው የጻፋትን አልመሰክርባትም። አንቺ የጻፍሽ ቀን ከሥርሽ ባጄን አስነካለሁ። እስከዚያ ቢጮኹም፣ ቢያስፈራሩም፣ ሙሽራው ቀኑን ሙሉ ቢመላለስም፣ ከቦታዬ ንቅንቅ አልልም።

እጅሽን ይባርክልሽ። የሠራሽው ሁሉ ሰው የማይጎዳበት ይሁንልሽ። ያለ እናት ያስቀረሽ አምላክ ያለ መጽናናት አያስቀርሽ። ስልክሽን ባታነሺም አልቀየምሽም፤ ቤቱ ግን በሩ ክፍት ነው፣ ሶፋውም እንደነበረ ነው።

ከእናትሽ እጅ ተረካቢ፣
አባትሽ