የወንዙ ዳር ማሳና አንዲት የዳማ ጠጠር፤ የአቶ ሞሪስ ፒክስሊ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሞሪስ ፒክስሊ ከአባታቸው ከአቶ ሲሪል ፒክስሊና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሂልዳ ማውሰን፣ በእንግሊዝ አገር በሊንከንሸር፣ በትሬንት ወንዝ ዳር በምትገኘው በሃልስቢ መንደር እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1938 ተወለዱ። ይህን የጻፍኩት ታናሽ እህታቸው ሜቪስ ነኝ። ሟች ሁሉ በቀብሩ ዕለት ቅዱስ ይሆናል፤ እኔ ግን ወንድሜን እንደነበሩ ነው የማቀርባቸው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በመንደራችን ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ዐሥራ አምስት ዓመታቸው ተምረዋል። ጎበዝ ተማሪ ነበሩ ብል የመምህራቸው ዐፅም ይወቅሰኛል። በ1953 ከአባታችን ጋር በኪራይ የያዝነውን እርሻ ማረስ ጀመሩ፤ ከዚያ ወዲህ ከትሬንት ርቀው ያደሩት ለጫጉላቸው ብቻ ነው።

በ1962 ከወይዘሮ ኢኒድ ቤል ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው ሮጀርንና ጁዲትን አፍርተዋል። ትዳራቸው የሰመረ ነበር፤ የሚጣሉት በዳማ ብቻ ነው። ከራት በኋላ ሰሌዳው ይዘረጋል። ሞሪስ ሲሸነፉ "መብራቱ ዐይኔን ወጋኝ" ይላሉ፤ ኢኒድም "ነገ አጠፋልሃለሁ፣ በጨለማም ትሸነፋለህ" ይሏቸዋል።

ወንድሜ ሁለት ሱስ ነበረባቸው፤ አንዱ ዓሣ ማጥመድ ሲሆን ሌላው ማሳው ከታረሰ በኋላ የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ይዘው ትልሙን ተከትለው መሄድ ነው። ብር ካገኙ ለኢኒድ እየሮጡ ያሳያሉ። ድቡልቡል የእርሳስ ብረት ካገኙ ግን "ቆሻሻ!" ብለው ባልዲ ውስጥ ይጥሉታል። ባልዲው ሲሞላ በአሮጌ ድስት ያቀልጡትና የመንጠቆውን ገመድ ወደ ታች የሚያሰጥም ክብደት ይሠሩበታል። ወንዙ ዳር ያደገ ዓሣ አጥማጅ ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በእነዚያ ዓመታት አንዲቷ ብቻ ከድስቱ ተረፈች። በ1976 ውሻቸው አንድ የዳማ ጠጠር ሲውጥባቸው፣ ሞሪስ ከባልዲው ልኳ የሆነች፣ አናቷ ሾጠጥ ያለ እርሳስ መርጠው በቦታዋ ተኩ።

በ2004 የመሬቱ ባለቤቶች ማሳውን አሸዋ ለሚያወጣ ድርጅት ሊሰጡ ተስማሙ። አባታችን ያረሱት መሬት ጉድጓድ ሊሆን ነው ማለት ነው። ሞሪስ ያን ሰሞን መንጠቆ እንኳ አልነኩም፤ እሳቸውን እያየሁ አለቀስኩ። ከቁፋሮው በፊት ቦታውን እንድትመረምር የተላከችው፣ ዛሬ እንደ ልጃችን የምናያት የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ዶክተር ፊሊፓ ሎክ ነበረች። ከሺህ ዓመት በፊት ቫይኪንግ የተባሉ የሰሜን ባሕር ወራሪዎች ጦር በመርከብ ወንዙን ተከትሎ መጥቶ፣ ብርዱ እስኪያልፍ እዚሁ ሰፍሯል ብላ ትጠረጥር ነበር። ይሁንና ድንኳን ነቅሎ የሄደ ጦር ግንብ ትቶ አይሄድምና ማስረጃ አጣች።

ልትሰናበት ስትመጣ ኢኒድ ሻይና በዘቢብ የተጋገረ ዳቦ አቀረቡላት፤ ሞሪስም አንድ ዳማ ጋበዟት። ፊሊፓ ያቺን ጠጠር አንሥታ ገለበጠቻትና ሻይዋን ረሳች።

"አቶ ፒክስሊ፣ ይቺን ከየት አመጧት?"

"ከወንዙ ዳር ማሳ። ምነው?"

"የቫይኪንጎች መጫወቻ እኮ ናት! እንዲህ ያለው በብዛት የሚገኘው ጦሩ በሰፈረበት ነው። ሌሎቹስ የት አሉ?"

ሞሪስ ኢኒድን አዩ፤ ኢኒድ ጣሪያውን አዩ።

"ሌሎቹማ... ዓሣ አጥምጄባቸዋለሁ።"

ኢኒድ በሳቅ ፈረሱ። "አየህ፣ ቫይኪንግ አሰልፈህም አላሸነፍከኝም!"

ደግነቱ የእርሳስ ክብደት የወንዙን ወፎች ይመርዛል ተብሎ በ1987 ተከልክሎ ነበር። ሞሪስ ያን ሕግ ሲራገሙ ኖረዋል። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የለቀሙት ሁሉ ሳይቀልጥ በጎተራው ውስጥ በባልዲ ተቀምጦ ተገኘ፤ በዚያች ቀን ሕጉን መረቁት። ከፊሊፓ ባልደረቦች ጋር ማሳውን እንደገና ሲያስሱም ሌሎች ጠጠሮች፣ የተቆራረጠ ብርና የመርከብ ምስማር ከየወደቁበት ተነሡ። የአካባቢው ምክር ቤትም ከማሳው አሸዋ እንዳይወጣ ወሰነ። ሞሪስ የዚያን ዕለት በመንደሩ መጠጥ ቤት ለነበረ ሁሉ ቢራ ጋበዙ፤ ይህ ከዚያ በፊትም በኋላም ታይቶ አይታወቅም። ጠጠሯ ወደ ቤተ መዘክር ስትሄድ በቦታዋ የኢኒድ ካፖርት ቁልፍ ገባች። ማሳውን ዛሬ ሮጀር ያርሰዋል።

አቶ ሞሪስ ባደረባቸው የልብ ሕመም በቤታቸው ሲታመሙ ከቆዩ በኋላ፣ ኖቬምበር 14 ቀን 2023 በተወለዱ በ85 ዓመታቸው በእንቅልፍ ላይ እንዳሉ ዐረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ኢኒድ፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና እኔ እህታቸው በሐዘን ቀርተናል። እንዴት እንደምናፍቃቸው በቃል አይነገርም።

በመጨረሻው ቀን ዳማ ጀምረው ደከማቸውና "ነገ እንጨርሰዋለን" ብለው ነበር የተኙት። ሰሌዳው አሁንም ከአልጋቸው አጠገብ ነው፤ ኢኒድ ማንም እንዲነካው አልፈቀዱም። ጠጋ ብዬ አየሁት። ሞሪስ እያሸነፉ ነበር። ኢኒድም ይህ በፊታችሁ እንዲነበብ ፈቅደዋል።

የዕረፍት ውኃ ጌታ ነፍሳቸውን ከዚያ ወንዝ ዳር ያሳርፍልን፤ ለኢኒድም ተራቸው እስኪደርስ ብርታቱን ይስጥልን።