አቤት ሊሉ ሄደው አመስግነው የተመለሱት ጸጉር አስተካካይ

ሰፈሩ በሙሉ «አፈ ጉባኤ» እያለ የሚጠራቸው አጎታችን ከአውቶቡስ ሾፌሩ አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው ለቤቱ ሦስተኛ ልጅ ሆነው ተወለዱ። የተወለዱት ዛሬም ባለቤታቸው በሚኖሩበት፣ ሰፈሩን ከትልቁ መንገድ ጋር ከሚያገናኘው መተላለፊያ ዝቅ ብሎ በሚገኘው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። እናታቸው «ይሄ ልጅ እንኳን ሲናገር ሲያለቅስም ጉሮሮውን ጠርጎ ነው» ይሉ እንደነበር ታላቅ እህታቸው ያስታውሳሉ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከትልቁ መንገድ ማዶ ባለው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። በትምህርታቸው መካከለኛ ነበሩ። እዚህ ላይ ብንዋሽ አብረዋቸው የተማሩት ከፊታችን ተቀምጠዋል። በአንደበታቸው ግን የሚስተካከላቸው አልነበረም። ርዕሰ መምህሩ እንግዳ በመጣ ቁጥር ከክፍል እያስጠሩ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር ያስደርጓቸው ነበር። የትምህርት ቤቱ ጣሪያ የሚያፈስ ሆኖ ሳለ ለጣሪያው ጭምር ያመሰገኑት ያኔ ነው ይባላል። እንግዶቹም ጣሪያውን ቀና ብለው እያዩ አጨበጨቡ።

አባታቸው በሞት ሲለዩ ትምህርታቸውን አቋርጠው ከአንድ ጸጉር አስተካካይ ዘንድ ሙያ ለመዱ። ቆይተው በመተላለፊያው አፍ ላይ የራሳቸውን ጸጉር ቤት ከፈቱ፤ አንድ ወንበር፣ አንድ ትልቅ መስታወት፣ ለተራ ጠባቂ አንድ አግዳሚ። እጃቸው ቀላል ነበር። ምላጭ አንገቱ ላይ እያለ እንቅልፍ የወሰደው ደንበኛ ጥቂት አይደለም። ሰው ግን ወደዚያ ቤት የሚሄደው ለጸጉሩ ብቻ አልነበረም። ባልና ሚስት ሲኳረፉ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲባረር፣ ሠርግ ላይ የሚናገር ሲጠፋ፣ «አፈ ጉባኤን ጥሩልን» ነው። እሳቸውም ነጭ ጨርቃቸውን አራግፈው፣ ኮታቸውን ደርበው ይሄዳሉ። ዘዴያቸው አንድ ነበር። «ቅሬታ ከምስጋና በኋላ ነው። በባዶ ሆድ መድኃኒት ይዋጣል እንዴ?» ይሉ ነበር። ሰውየውን አመስግነው አመስግነው፣ ልቡ ቅቤ ሲሆን፣ ያኔ ጉዳዩን ጣል ያደርጋሉ። ብዙ ቤት በዚህ ዘዴ ታርቋል።

በሃያ ስድስት ዓመታቸው በፖስታ ቤት ደብዳቤ በመለየት ሥራ ላይ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። የተዋወቁት ባለቤታቸው ታናሽ ወንድማቸውን ጸጉሩን ሊያስቆርጡ ባመጡበት ቀን ነው፤ አጎታችን ከእህትየው ጋር ሲያወሩ የልጁ ግማሽ ራስ እስከ ምሳ ሰዓት ሳይቆረጥ ቆየ። ባለቤታቸው «ያገባሁት ወሬውን ነው፤ ሰውየው ተከትሎ መጣ» እያሉ ይቀልዳሉ። ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተው፣ አሳድገው፣ ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል።

ከዚህ በኋላ ያለው ይጻፍ ወይስ ይቅር በሚለው ላይ ቤተሰቡ ተከራክሯል። ታላላቆቻችን «ሙት ወቃሽ አትሁኑ፣ የሰው ገመና በለቅሶ ላይ አይወጣም» ብለዋል። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ሟች ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ ይህን ጽሑፍ የምታዘጋጀው የእህታቸው ልጅ የመጀመሪያውን ረቂቅ አንብባላቸው ነበር። «ለሰፈራቸው መብት የታገሉ» የሚለው ላይ ስትደርስ እጃቸውን አነሱ። «እሱን አውጪው። ሙት ወቃሽ እንዳትባሉ እኔው ራሴን ወቅሼ ልሂድ። የሆነውን ጻፊው» አሉ። ስለዚህ የሆነው እነሆ።

ከአሥር ዓመት በፊት የአካባቢው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት መተላለፊያውን በግንብ ዘግቶ ቦታውን ለመኪና ማቆሚያ ለመስጠት ወሰነ። ያ መተላለፊያ ለሰፈሩ ጉሮሮው ነበር። ተማሪው፣ ሕመምተኛው፣ ሥራ የሚሄደው ሁሉ ወደ ትልቁ መንገድ የሚወጣው በዚያ ነው። ከሁሉም በላይ የሚጎዳው የዳቦ ጋጋሪዋ ጎረቤታችን ሱቅ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት አውቶቡስ ሊይዝ የሚሮጠው ሰው ነው ትኩስ ዳቦዋን የሚገዛት። አቤቱታ ተጻፈ። ሰፈሩ አንድ ሳምንት ሙሉ በአጎታችን ወንበር ላይ እየተቀመጠ፣ ጨርቁ አንገቱ ላይ እንደታሰረ ፈረመ። አንዳንዱ ፊርማ ላይ ዛሬም ጸጉር ተጣብቆበታል። አራት ሰዎች ተወከሉ፤ አጎታችን፣ ጡረታ የወጡት የሂሳብ አስተማሪ፣ ጎሚስታውና ዳቦ ጋጋሪዋ። ዳቦ ጋጋሪዋ በር ላይ «እኛ ለወጉ ነው የምንገባው፤ አፋችን እርስዎ ነዎት» አለቻቸው።

ኃላፊው ወጣት ነበር። ሲገቡ ከወንበሩ ተነሳ። «አባባ! በልጅነቴ ጸጉሬን የሚቆርጡኝ እርስዎ እኮ ነበሩ» አለና የራሱን ወንበር ለቀቀላቸው። አጎታችን ወንበር በለቀቀላቸው ሰው ላይ ክፉ ቃል ማውጣት አይሆንላቸውም። ተቀመጡ፤ በልማዳቸውም በምስጋና ጀመሩ። ኃላፊውን አመሰገኑ። ያሳደጉትን ወላጆቹን አመሰገኑ። ስለ መንገድ መብራቱ አመሰገኑ፤ መብራቱ ከጠፋ ወር አልፎት ነበር። አስተማሪው አውቀው ሳል ሳል አሉ። ጎሚስታው በጠረጴዛው ሥር በእግሩ ነካቸው። ዳቦ ጋጋሪዋ እጇን እጇን ታያለች። እሳቸው ግን፣ ኋላ እንደነገሩን፣ «አሁን ልገባበት ነው፣ አሁን ልገባበት ነው» እያሉ በሆዳቸው ያመላልሱት ነበር። ኃላፊው በየመሐሉ «የእናንተን ዓይነት ሰው አጥተን ነው እኮ» ሲላቸው ነገሩ ይርቅባቸዋል። ጭራሽ የኃላፊው ማጅራት ላይ ዓይናቸው አርፎ «አሁን የሚቆርጥህ ማን ነው? አበላሽቶሃል» አሉት። ሁሉም ሳቁ። ጸሐፊዋ በሩን ከፍታ ሌላ እንግዳ እንደሚጠብቅ ተናገረች።

«ሌላ የሚጨምሩት አለ አባባ?» አለ ኃላፊው።

«ኧረ የለም። ጤናችሁን ብቻ» አሉ አጎታችን።

ደረጃው ላይ አብረው ፎቶ ተነሡ። የጽሕፈት ቤቱ ፎቶ አንሺ «ትንሽ ፈገግ በሉ» ሲል ፈገግ አሉ። ሰፈሩ የፈረመበት አቤቱታ በኮታቸው የውስጥ ኪስ ውስጥ እንደታጠፈ ነበር፤ ከምስጋናው በኋላ ሊያወጡት ነበር ሐሳባቸው። ግማሽ መንገድ ከሄዱ በኋላ ጎሚስታው ቆም ብሎ «ቆይ ግን፣ ነገርነው ወይስ አልነገርነውም?» አለ። ቤት ሲደርሱ ባለቤታቸው ምን እንደተባለ ጠየቋቸው። «ሰውየው እንዴት ያለ ጨዋ መሰለሽ» አሉ። «ጨዋነቱን ተወውና መተላለፊያው ምን ሆነ?» አሏቸው ባለቤታቸው። አጎታችን ኮታቸውን እንደለበሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

በማግስቱ ወረቀቱን ይዘው ሄዱ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው ተባሉ። በሚቀጥለውም ቀን ስብሰባ ላይ ነበር። በሳምንቱ በመተላለፊያው አፍ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። «ከነዋሪው ተወካዮች ጋር በተደረገ ሰፊ ውይይት ሙሉ ድጋፍ በመገኘቱ» ይላል። ከሥሩ ፎቶው አለ። አራቱም አሉበት፤ አጎታችን መሐል ላይ ሆነው ይስቃሉ። በሕይወታቸው ሙሉ ልብስ ለብሰው የተነሡት ያ ፎቶ ብቻ ነው። የዚህ የቀብር ፕሮግራም ሽፋን ያለ ፎቶ የወጣው እሱን እንዳንጠቀም ስለከለከሉን መሆኑን ለጠየቃችሁን ሁሉ በዚሁ እንገልጻለን።

ግንቡ ተሠራ። ዓመት ሳይሞላ ዳቦ ጋጋሪዋ ምድጃዋን አጥፍታ፣ ሱቋን ዘግታ፣ ሩቅ ሰፈር የሰው ዳቦ ቤት ተቀጠረች። በየማለዳው ግንቡን ዞራ ወደ ሥራ ስትሄድ በአጎታችን ጸጉር ቤት በር ታልፋለች። «እንደምን አደሩ» ትላለች፤ ታልፋለች። ሌላ ቃል ከአፏ አልወጣም። እሳቸው ለባለቤታቸው «ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር» ይሏቸው ነበር። ያ ሁሉ ወሬ የሚፈልቅበት ቤት ዝም አለ፤ ከቶንዶሱ ድምፅ በቀር የሚሰማ ጠፋ። ደንበኛ መስታወቱን ሲያይ ከጀርባው የሚታየው ግንቡ ነው። ሠርግ ላይ ተናገሩልን ሲባሉ ጉሮሮዬን አሞኛል ይላሉ። የገዛ ልጃቸው ሠርግ ላይ እንኳ ሌላ ሰው ነው የተናገረው። እኛም አልጠየቅናቸውም። የሰፈሩ ሰው ደግሞ ከኋላቸው «አፋችን ብለን ብናምነው ጉሮሯችንን ዘጋው» እያለ ተረተባቸው። ይህን ያለው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፤ ሁላችንም ብለነዋል።

በየዓመቱ ግን አንድ ነገር ያደርጉ ነበር። ኮታቸውን ለብሰው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ይሄዱና በራሳቸው ላይ አቤቱታ ያስገባሉ፤ «ደገፈ የተባልኩት በስህተት ነው» ይላሉ። ያ ወጣት ተዛውሮ በምትኩ የተሾሙት ሴት ኃላፊ አንድ ጊዜ መዝገቡን ገልጠው «አባባ፣ እርስዎ እኮ ደግፈዋል፤ ይኸው እየሳቁ» ብለው ፎቶውን አሳዩአቸው። አጎታችንም ፎቶውን ትክ ብለው አይተው «ይሄ ሰውዬ እኔን አይወክልም» አሉ። ኃላፊዋ ሳቁ። እሳቸው ቆመው ነበር፤ ተቀመጡ ቢባሉም እምቢ ብለዋል። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ውሳኔው በነዋሪው ፍላጎት የተሰጠ ነው የሚል።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ የልብ ሕመም አደከማቸው። እግራቸው አበጠ፤ ትንፋሽ አጠራቸው። ሕመሙ የጠናባቸው ዕለት መኪና ሰፈር ድረስ መግባት ስለማይችል ልጃቸውና የጎረቤት ወንዶች በወንበር ተሸክመው ግንቡን ዞሩ። ያን ሁሉ መንገድ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። እኛ የተኙ መስሎን ነበር፤ እንባቸውን ያየነው ኋላ ነው።

ሆስፒታል ሳሉ ዳቦ ጋጋሪዋ ልትጠይቃቸው መጣች። የእህታቸው ልጅ ክፍሉ ውስጥ ነበረች። አጎታችን ቀና ለማለት እየሞከሩ «ይቅር በይኝ። እሳትሽን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አሏት። ዳቦ ጋጋሪዋ ከአልጋው ጠርዝ ተቀመጠች።

«እኔስ የት ነበርኩ?» አለች። «ከጎንዎ ነበርኩ እኮ። የሚዘጋው የእኔ ሱቅ ነው። አፍ አላጣሁም። እሳቸው ያውቁበታል ብዬ ቁጭ አልኩ፤ እጄን ሳይ ዋልኩ። ከዚያ ወዲህ እንደምን አደሩ ብዬ የማልፈው ጠልቼዎት መስሎዎት ነው? አንቺስ ለምን አልተናገርሽም እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው።»

«እኔ እኮ አንድም ቀን እንደዚያ አስቤ አላውቅም» አሉ አጎታችን።

«አውቃለሁ። እሱ ነው የባሰብኝ» አለች።

ስትወጣ ያን የታጠፈ አቤቱታ ከተሰቀለው ኮታቸው ኪስ አውጥታ እንድትወስድ ነገሯት፤ ወሰደች። ያን ዕለት ማታ የእህታቸው ልጅ የሰማችውን ለቤተሰቡ ተናገረች። ጎሚስታውም ነበር፤ አንገቱን ደፋ። አስተማሪው በሕይወት የሉም። ሌሎቻችን ደግሞ ፈርመን፣ ጸጉራችንን አራግፈን የተነሣን ነን። አራት ሰው ልከን፣ አንዱን ብቻ አፍ አድርገን፣ ሳይቀናው ሲመለስ አንዱን ብቻ ጥፋተኛ አደረግን። አንዳችንም በማግስቱ አብረናቸው አልሄድንም። ይህን ስንጽፍ እናፍራለን። ሲነበብም ከፊታችሁ ቆመን እናፍራለን።

አጎታችን በሆስፒታል ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ዛሬም አስከሬናቸው እዚህ የደረሰው ግንቡን ዞሮ ነው። ትናንት ዳቦ ጋጋሪዋና ጎሚስታው ያንን አቤቱታ ይዘው ጽሕፈት ቤቱ ገብተዋል። ዳቦ ጋጋሪዋ ገና ከበሩ «መተላለፊያችንን ክፈቱልን» ብላ ጀምራለች፤ ሰላምታውን ረስታው ኋላ ላይ ነው ያለችው። መልሱ ገና አልመጣም።

ሟች ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና ታላቅ እህታቸውን ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ላዘኑት ሁሉ መጽናናትን፣ ለእሳቸውም ዕረፍትን ይስጥልን። እፍረቱን ግን ከእሳቸው ላይ አንሥቶ ለእኛ ያከፋፍለን። ለአንድ ሰው ብዙ ነበር።