ሽማግሌዎቹ የበሉት ፓስታ

ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ሰኞ ታኅሣሥ 14

ለማከብርዎትና ለምወድዎት ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ያ ጉልበትዎ በዚህ ውርጭ እንዴት አደረገዎት? የደብረ ብርሃን ብርድ በታኅሣሥ ለሰው እንደማያዝን አውቃለሁና ሳስብዎት ነው የምውለው። የላክሁልዎትን ወፍራም ካልሲ የክት ይሁን ብለው ሳጥን ውስጥ እንዳላስቀመጡት ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ለአምላክ ምስጋና ይድረሰውና ደህና ነን። ሩሃማ ልጅዎ ፋርማሲው ውስጥ ቋሚ ሆናለች፤ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ስትወጣ ቁርጥ አባቷን፣ ወንድምዎን ነው የምትመስለው።

ትናንት ስደውልልዎ ስለ ጾም ፓስታ ብቻ አውርቼ ዘጋሁት። እርስዎም ጥርስዎ ጠንካራ ነገር እንቢ ስላለዎት አሠራሩን ጻፊልኝ አሉኝ። የደወልሁት ግን ስለ ፓስታው ልነግርዎት አልነበረም፤ ስለበሉት ሰዎች ነበር። ድምፅዎን ስሰማ አፌ ተሳሰረ። በወረቀት እንደምሻል ያውቃሉ።

ትናንት ከቅዳሴ ተመልሼ ነጠላዬን አጥፌ ሳልጨርስ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት ሦስት ሰዎች ቆመዋል። የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ኃይለመስቀል ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ሦስተኛ ፎቅ በከዘራ ወጥተው ያለከልካሉ። ከኋላቸው ምድር ቤት ያሉት ጡረተኛው ሹፌር አቶ ወንድይፍራው፤ ከረባት አስረው ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። ሦስተኛው በር ለበር የምንጎራበታቸው የዊዳድ አባት ናቸው፤ ወንድምዎ ያረፈ ጊዜ ድንኳን ውስጥ ሦስቱን ቀን ከእርስዎ አጠገብ የተቀመጡት።

ግቡ ብላቸው ገቡ፤ ተቀመጡ ብላቸው ግን እንቢ አሉ። አቶ ኃይለመስቀል ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ለጉዳይ ነው የመጣነው፣ ቆመን ነው የምንናገረው አሉ። እትዬ፣ ሦስት ሽማግሌ በእሁድ ከረባት አስሮ ቤት መጥቶ ሲቆም ለምን እንደመጣ ሕፃንም ያውቀዋል። እኔ ግን የእድሩ ድንኳን ተቀደደ ሲባል ሰምቼ ነበርና ለእሱ የመጡ መሰለኝ። መሰለኝ ብያለሁ። እንግዳ አፉ ባዶ ሆኖ ጉዳይ አያወራም አልኩና በግድ አስቀምጫቸው ማድ ቤት ገባሁ።

ሩሃማ በእግር ጣቷ እየተራመደች ተከተለችኝ። ለእሷ የመጡ መስሏት ፊቷ አመድ መስሏል። ማንም ይላካቸው ማን እንደማታገባ፣ ገና መማር እንደምትፈልግ በሹክሹክታ ደረደረችልኝ። ድስቱን ስጥድ ስታይ ደግሞ ባሰባት።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው? ሽማግሌ እኮ ጥያቄው ሳይመለስለት እህል አይቀምስም። ካበላሻቸው እሺ አልሽ ማለት ነው።»

ዘይቱ ይንጫጫ ነበርና አልሰማኋትም ብልዎት ያምኑኛል? ማጥለያውን አቀብዪኝ አልኳት።

ምድጃውን ያውቁታል። ነሐሴ ላይ ሽቦው ተቃጥሎ አቶ ዱባለ ናቸው የጠገኑልኝ፤ እኚያ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ከብሎካችን ሥር የቆርቆሮ ሱቅ ያላቸው። አሁን ውሃ ሲጥዱበት ወዲያው ይፈላል። ከዚያ ወዲህ ባገኙኝ ቁጥር «ሠራ ወይ?» ይሉኛል። አራት ወር ሙሉ ሠርቷል እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም አራት ወር ሙሉ ይጠይቁኛል። የተረፈውን ብሎን ጠቅልለው በሰጡኝ የጋዜጣ ቁራጭ ላይ የአትክልት ፓስታ አሠራር ነበረበት። ከሽንኩርቱ ጀምሮ እስከ ቲማቲሙ ይሄድና እዚያ ላይ ወረቀቱ ተቀዷል። እኔ የተቀደደ ወረቀት እያነበብኩ ነው ያደግሁት፤ የቀረውን ከራሴ ጨመርኩበት።

ወሩ ጾም ነው፤ የዊዳድ አባት ደግሞ ጾም ባይሆንም ሥጋችንን አይበሉም። ፓስታ በአትክልት ሁሉንም ያስማማል። ፓስታውን ለሁለት ሰባብሬ ነው የጨመርኩት፤ ሽማግሌን ያህል ሰው ረጅም ፓስታ እንዲጎትት ማድረግ ክብር መንካት ነው።

ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ሦስት ሳህን ይዤ ወጣሁ። አቶ ኃይለመስቀል እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ፤ ሳንናገር አንቀምስም፣ ደንብ ነው አሉ። ሽታው ግን ደርሶባቸዋል። የዊዳድ አባት አንዴ ሳህኑን አንዴ ሊቀመንበሩን እያዩ፣ ይህን ደንብ ያወጡት ሰዎች ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ሳይሸታቸው ነው ያወጡት አሉ። አቶ ወንድይፍራው ደግሞ፣ እኔ ሹፌር ነኝ፣ መንገድ ላይ ያገኘሁትን እበላለሁ ብለው ሹካቸውን አነሱ። እሳቸው ከጀመሩ በኋላ ማን ይቆማል? ሊቀመንበሩ መጨረሻ ላይ በማንኪያ ቀመሱ፤ ደገሙ፤ ከዚያ ማንኪያውን አየር ላይ እንደያዙ ቀሩ። ነገሩ የገባቸው ያኔ ነው።

«እህቴ» አሉኝ በቀስታ፣ «ለምን ጉዳይ እንደመጣን ታውቂያለሽ?»

እኔ ደግሞ መሬት መሬት እያየሁ፣ «ጨው አነሰው እንዴ?» አልኳቸው።

 ከዚያ የአቶ ኃይለመስቀል ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሳቁ መሆናቸውን ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

«ምንም አላነሰው» አሉ። «ዱባለንም ሄደን እንደዚሁ ነው የምንለው፤ ምንም አላነሰው።»

ከማድ ቤት በኩል አንድ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ። ሩሃማ ናት። የመጡት ለእሷ ሳይሆን ለእናቷ መሆኑን ስትሰማ ሳቋ አላቆም ብሏት ማጥለያውን እንዳቀፈች መሬት ላይ ተቀምጣለች። ዕንባዋንም አይቻለሁ፤ የሽንኩርቱ ነው አለችኝ።

አቶ ዱባለ ለካ ፌርማታው ላይ ታክሲ የሚጠብቁ መስለው ቆመው ኖሯል። ስንት ሚኒባስ እንዳለፋቸው እንጃ። ሽማግሌ በግማሽ ሰዓት ከተመለሰ ተባሯል ማለት ነውና፣ ሦስቱ ከብሎኩ ሲወጡ አይተው ፊታቸውን ወደ አስፋልቱ አዞሩ አሉ። ይህን ያየችው ሩሃማ ናት፤ ከድኜ ያቆየሁትን አራተኛ ሳህን አስይዤ ልኬያት ነበር። ሳህኑን ሲያዩ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጡና እዚያው ሰው እያያቸው በሉ። ባዶውን ሳህን ሲመልሱላት የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነው። ምድጃው ሠራ ወይ አሏት።

አሁን ወደከበደኝ ነገር ልምጣ። ደንቡን አውቃለሁ። ዘመድ አለኝ፣ እትዬን ሳላማክር መልስ አልሰጥም ማለት ነበረብኝ። እናት አባቴ ካለፉ ወዲህ ከእርስዎ ሌላ የሚጠየቅልኝ ሰው የለም። እኔ ግን አበላኋቸው። ወንድምዎ ካረፈ ሰባት ዓመት ሙሉ ደንብ ስጠብቅ ኖሬ አንድ ቀን ብጥስ፣ የጣስኩት በእርስዎ ላይ ሆነ። አቶ ዱባለን አልፈራም፤ ደግ ሰው ናቸው። የወንድምዎ ፎቶ ከተሰቀለበት እንዳይወርድ ብለው በሽማግሌዎቹ አፍ ልከውልኛል። እኔ የምፈራው ሌላ ነው። እርስዎን ያገኘሁት በወንድምዎ በር ገብቼ ነው። በሌላ በር ስወጣ እርስዎን እንዳላጣ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ትዝ ሲለኝ እጽናናለሁ። ለመስቀል እዚህ በነበሩ ጊዜ አቶ ዱባለ ደረጃው ላይ ቆመው ስለ ምድጃው ሲጠይቁኝ ሰምተዋቸው ነበር። ሻይዎን አስቀምጠው፣ ይሄ ሰውዬ የሚጠይቀው ስለ ምድጃው ብቻ ነው ወይ አሉኝ። እኔ ሻይ ልጨምርልዎት ማንቆርቆሪያውን አነሣሁ። እርስዎም ፈገግ አሉ። ያቺን ፈገግታ ነው ይዤ የተነሣሁት።

ለሽማግሌዎቹ ቀኑን የሚቆርጡልኝ እትዬ ናቸው ብያቸዋለሁ። በጥር ይሁን ካሉ በጥር ነው። አይሆንም ካሉም ከአፍዎ ልስማው፤ ብቻ መጥተው ይንገሩኝ። የእናቴ ቦታ የእርስዎ ነው፤ ሌላ ሰው አላስቀምጥበትም። ሲመጡ ካልሲውን አድርገውት ይምጡ።

አምላክ ጉልበትዎን ያጽናልኝ፤ ከቤትዎ በረከት አይጉደል፤ ፊትዎን በጤና ያሳየኝ።

የወንድምዎ ሚስት የነበርኩት፣
ዛሬም ታናሽ እህትዎ

የፓስታውን ነገር ረስቼ ልዘጋው ነበር። ሽንኩርቱን በዘይት ያቁላሉ፤ ነጭ ሽንኩርትና ቲማቲም ይጨምሩበት። ፎሶሊያውና ጥቅል ጎመኑ ለጥርስዎ እንዲመች በስሱ ይከተፍ። ፓስታውን ጨው ባለው ውሃ ቀቅለው ሲያጠሉት አንድ ብርጭቆ ውሃ አስቀርተው ከአትክልቱ ጋር ያዋሕዱበት፤ ቃሪያው መጨረሻ ይገባል። ሁሉም ከሩብ ሰዓት አያልፍም። ጊዜ የሚፈጀው ካሮቱ ብቻ ነው፤ ለአራት እንግዳ የሚሆን ካሮት መክተፍ እጅ ያዝላል። እሱን ከዋዜማው ከትፈው ያሳድሩት። እኔም ቅዳሜ እንደዚያው ነው ያደረግሁት።