የአያ ሞላ የድንች ዘር

ሐምሌ 14፣ ጠዋት 3፡00
ማይክሮስኮፑ ላይ ነኝ። መብራት መጣ፣ ሄደ፣ መጣ። ትናንት ገሳይ ቀበሌ ከአንድ ገበሬ ማሳ የለቀምኩት የታመመ የድንች ቅጠል። ጠላቴን አየሁት ደብተሬ! የበሽታው ብናኝ እርጥብ ቅጠል ላይ ያርፋል፣ ቀጭን ቱቦ ያወጣል፣ የቱቦው ጫፍ አብጦ ይጣበቃል። ከእብጠቱ ሥር እንደ ወስፌ የሾለ ነገር ሰድዶ ቅጠሉን ይበሳል። ሌባ እንኳ በር ይፈልጋል። ከገባ በኋላ በየሴሉ ጣቱን እየሰደደ ይመጠምጣል፤ ቅጠሉ ግን ለቀናት ጤነኛ መስሎ ይቆያል። ውሸታም።

ሐምሌ 19
የእናቴ ማሳ፣ ጉና ተራራ ሥር። ቅጠሉ ጠቁሯል። ዝናቡ አላባራም። የክረምት ጉርሷ ይኸው ድንች ነበር። መሬቱን በእኩል፣ ምርቱን ሊካፈሉ የሚያርሱላት አያ ሞላ ናቸው፤ ዘሩንም ከሐሙሲት ገበያ ያመጡት እሳቸው። በሽታው ከዘሩ ሌላ ከየት ይመጣል? ደሜ ፈላ።

ሐምሌ 20፣ እሑድ
ከቅዳሴ በኋላ፣ ደጀ ሰላሙ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ አያ ሞላን በሽተኛ ዘር ተከሉብን አልኳቸው። የግብርና ጽ/ቤት ባለሙያ ነኛ! አያ ሞላ ረጋ ብለው፣ «ልጄ፣ አንድ በአንድ መርጨ ነው የተከልሁት» አሉ። አልሰማኋቸውም። እናቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። እኔ ግን ደስ አለኝ፣ አልዋሽህም።

ሐምሌ 23
ጎረቤታችን እትዬ የሺ ለአያ ሞላ በእኩል ሰጥተውት የነበረውን መሬት ነጠቁ። ባለሙያዋ ተናግራለች ብለው። አያ ሞላ የራሳቸው መሬት የላቸውም። እናቴ አታናግረኝም። አያ ሞላን ግን ይበላቸው!

ሐምሌ 25፣ ቀን 8፡00
የእናቴን ድንች ግንድ በማጭድ አጨድኩ፤ በሽታው ወደ ሥሩ ሳይወርድ የተረፈ ድንች ካለ ብዬ። እያጨድኩ አንድ ነገር አየሁ። ከዘሩ ቢሆን እዚህም እዚያም ይጀምር ነበር። ይኸ በአንድ መስመር ነው የጠቆረው፤ ከአጥሩ እስከ መሀል፣ ከመሀል ማሳው ግርጌ እስካለው ምንጭ። ያ የእኔ መንገድ ነው። ሐምሌ 13 ከገሳዩ ማሳ በቀጥታ መጥቼ፣ ቦቲዬን ሳላጥብ፣ ጋዋኔን ሳልቀይር፣ ቅጠል በእጄ እየገለበጥኩ ያለፍኩበት። ገበሬውን ጫማ እጠቡ የምለው እኔ! ማጭዱን ወረወርኩት። ራሴን ጠላሁ።

ሐምሌ 26፣ ጠዋት
አያ ሞላ ቤት ሄጄ ለብቻቸው ይቅርታ ብጠይቅ ይቀለኛል። አይሆንም። ስማቸውን ያጠፋሁት በአደባባይ ነው። ነገ ከቅዳሴ በኋላ፣ ካህናቱም እትዬ የሺም ባሉበት፣ በሽታውን ያመጣሁት እኔ ነኝ እላለሁ። ጽ/ቤቱ ከሰማ ይስማ። አያ ሞላ ይቅር ባይሉኝ እንኳ የሚያርሱት መሬት ይመለስላቸው።