የተዘጋው ሞል ሦስተኛ ፎቅ

ጥቅምት 6
ገበያ የለም። መብራትም የለም። ከአባቴ ጋር ሱቅ በር ላይ ተቀምጠን ዋልን። እኔ ማዶ ያለውን ሞል ሳይ... ካርቱም ላይ ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ እንደተዘጋ ነው። ሲከፈት ተማሪ ነበርኩ። በሚንቀሳቀሰው ደረጃ ለመውጣት ገዳሪፍ ሁሉ ተሰልፎ! አንዷ ሴትዮ ጫማዋን አውልቃ ነበር የወጣችበት። አሁን ውስጡ ምን ይመስል ይሆን? ገብቼ በስልኬ ፎቶ ባነሳው አልኩ።
"ሪሃብ፣ እቃ የሌለበት ቤት ምን ይታያል?" አለኝ አባቴ።
እኔን ያጓጓኝ እኮ እሱ ነው።

ጥቅምት 8
ገባሁ! ዘበኛው አኑዋር ፈቀደልኝ። "ያ ቢንት፣ አንች ልጅ፣ ፎቶውን ለማንም እንዳታሳይ። በዚህ ጊዜ ህንፃ የሚያነሳ ሰላይ ነው የሚባለው።"
ደረጃው ቆሟል፤ አቧራ ጠጥቷል። የልብስ ማሳያ አሻንጉሊቶች ራቁታቸውን ቆመዋል፣ አንዷ የሙሽራ ቬሎ ብቻ አድርጋ። ሽቶ መደብሩ ውስጥ ርግቦች ጎጆ ሠርተዋል። "ታላቅ ቅናሽ" የሚለው ማስታወቂያ እስካሁን እንደተለጠፈ... ስልኬ እስኪግል አነሳሁ።

ጥቅምት 9
ፎቶዎቹን አጉልቼ ሳይ... ሦስተኛ ፎቅ፣ የብረት መደገፊያው ላይ ነጠላ ታጥቦ ተሰጥቷል። ጫፉ ገና እርጥብ ነው። የማን ነው? አኑዋር እንደሆነ ነጠላ አይለብስ!

ጥቅምት 12
ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። ከልጆች ልብስ መደብር ውስጥ "እንዳታነሽኝ!" የሚል ድምፅ። በአማርኛ! ሱቃችን ከሚመጡት የመተማ ነጋዴዎች የለመድኩት ቋንቋ። ደነገጥኩ። ስልኬን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ፊቷን ሸፍና ብቅ አለች።
ዙፋን ትባላለች። የመተማ ልጅ። ካርቱም ሞል ስታጸዳ ነው ጦርነቱ የደረሰባት። ሎሪ እየለመነች እዚህ ደረሰች። ወረቀት የላትም። ከሻ፣ የፖሊስ አፈሳ፣ ሲመጣ ወረቀት የሌለውን የውጭ ሰው እየለቀመ ስለሚወስድ፣ አኑዋር አዝኖ አስጠጋት።
ፍርሃቷ ሲለቃት እሷው አስጎበኘችኝ። የጠዋት ፀሐይ የሚገባበትን፣ ነፋስ ያለበትን...
"ካርቱም ያን ሁሉ ወለል ስወለውል አንድ ቀን ቁጭ ብየበት አላውቅም። እዚህ ያልተቀመጥሁበት ወንበር የለም!" ብላ ሳቀች።

ጥቅምት 13
"ነጠላየ ያለበትን አጥፊልኝ" አለችኝ። ካነሳኋቸው ሁሉ የሚበልጠውን... አጠፋሁት። ቅር አለኝ፣ አልዋሽም።
ከዚያ ፀጉሯን አስተካክላ፣ "በይ አሁን ፊቴን ብቻ አንሽኝ።" ለእናቷ ነው። ስልኳን መንገድ ላይ ቀምተዋታል፤ ቁጥር በቃሏ አታውቅም። በሕይወት መኖሯን ቤተሰቦቿ አያውቁም።
በማን በኩል ይላካል? አባቴን ልንገረው? ቢቆጣስ?

ጥቅምት 14
ነገርኩት። "ሰላይ ብለው ቢያስሩሽስ!" ጮኸብኝ። ከዚያ ፎቶዋን ተቀብሎ አየና፣ "የማን ልጅ ነኝ አለች?"
ፎቶዋን መተማ ላለው የንግድ ወዳጁ ለኑዕማን ላከው።

ጥቅምት 19
ኑዕማን ጠያይቆ እናቷን አገኛቸው! ድምፃቸውን ቀርፆ ላከልን። ሮጥኩ። ዙፋን ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ...
"ተዝካርሽን አውጥቻለሁ እኮ ልጄ! እውነት አንች ነሽ?"
መጀመሪያ ሳቀች። "እኔ ሳልቀምስ ደገሱልኝ?" አለች። ከዚያ ወለሉ ላይ ዘጭ ብላ አለቀሰች። እኔም አልቻልኩም።

ጥቅምት 24
ሀገራቸው ከሚመለሱ የሰሊጥ አጫጆች ጋር ሄደች። አባቴ ራሱ እስከ ድንበሩ፣ እስከ ጋላባት ሸኛት። ቀኑን ሙሉ እህል አልወርድ አለኝ።
አመሻሽ ላይ ኑዕማን ደወለ። ተሻግራለች።

ኅዳር 4
ወሬው ተሰምቷል። ሰዎች ሱቅ ድረስ እየመጡ "ዙፋንን ያነሳሻት አንች ነሽ?" ይሉኛል። አባቴ አንዱን የሱቅ ግድግዳ ለፎቶ ማንሻ አስለቅቆ በርጩማ አስቀመጠልኝ። ከኔ ብሶ "ቀና በሉ፣ ወደ ብርሃኑ ዙሩ" የሚለው እሱ ሆኗል።
ዛሬ ፋሽጋ እርሻ የሚሠሩ ጋሽ አንዳርጌ መጡ። ለሚስታቸው ሊልኩ ነው። ፊታቸው ኮስተር...
"ፈገግ ይበሉ እንጂ" አልኳቸው።
"ስስቅ ካየችኝማ ሌላ ሰው ነው ትላለች።"
ብለው በራሳቸው ነገር ሳቁ።
ያኔ አነሳኋቸው።