ያላለችውን እኔ አልኩላት

ሰኔ 2

ዝናብ። ከሰዓት በኋላ ፀጉር ቤቴ ውስጥ አምስት ሴት ብቻ። ሁለቱ ሹሩባ፣ አንዷ ማድረቂያው ካስክ ውስጥ፣ ሁለቱ ዝናብ ሊያሳልፉ።

ፍላሹን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካሁ። ያው የህንድ ፊልም፣ በታሚል ቋንቋ። ታሚል የሚሰማ ሰው ቡሬ ውስጥ አላውቅም፤ ከሥሩም ጽሑፍ የለውም። የምተረጉመው እኔ ነኝ፤ አንድ ቃል ሳላውቅ። ፊታቸውን እያየሁ እናገራለሁ። ደንበኞቼም ያውቃሉ... ግን ይጠይቃሉ።

ወንዙ ጋ ደረስን። ልጅቱ ዳር ቆማለች፣ ፀጉሯ ላይ ነጭ አበባ። ልጁ ጀልባ ውስጥ ሆኖ እጁን ዘርግቷል። እሷ ውኃውን ታያለች።

«ምን አለችው ሳቢ?» አለች ያይኔአበባ፣ ከካስኩ ሥር እየጮኸች።

«'እሺ፣ ካንተ ጋር እሄዳለሁ' አለችው።»

«አንቺዬ፣ አፏን መቼ ከፈተች?»

«በዓይኗ ነዋ።»

ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ። ለምንድን ነው ሁልጊዜ እዚህ ቦታ ላይ እጄ የሰው ፀጉር ውስጥ የሚቆመው?

ሰኔ 5

አጎቴ መሐመድአወል ከፍኖተ ሰላም ደወሉ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ስለ እኔ የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። የኑዕማን ቤተሰቦች ሽማግሌ ልከዋል።

ኑዕማን... ሽንዲ በርበሬ ይነግዳል። ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። ሁለቱንም ጊዜ መሬት መሬት ሲያይ። ክፉ ነገር የለበትም። እሱን ካገባሁ ሽንዲ ነው የምኖረው። ፀጉር ቤቱ ይዘጋል።

«የሚመጣው ሐሙስ በምስክር ፊት እጠይቅሻለሁ» አሉ። «አንቺ ምንም ማለት የለብሽም። ዝም ካልሽ ፈቀድሽ ማለት ነው። እናትሽንም እንደዚሁ ነው የጠየቋት።»

ዝም አልኩ።

«ጎበዝ» አሉና ዘጉት።

የስልኩንም ዝምታ እንደ እሺ ቆጠሩት ይሆን?

ሰኔ 7

የፈታምን ወንዝ በህልሜ አየሁ። ጀልባ ነበረው። ፈታም ላይ ጀልባ አይቼ አላውቅም። ውኃው ቀስ ብሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ ይሄዳል። ማዶ የፀጉር ቤቴ መስታወት ቆሟል፣ ውስጡ ማንም የለም...

ሰኔ 9

አንዲት አዲስ ደንበኛ መጣች። ኮሌጅ የሚያስተምረው ህንዳዊ ባለቤት። ስሟ ማላር። የፀጉሯን ጫፍ ልታስቆርጥ። አማርኛዋ የገበያ ነው።

ቴሌቪዥኑን ስታይ ከወንበሩ ቀና አለች። «ይሄ የኔ ቋንቋ።»

ያይኔአበባ አጋጣሚውን መች ታልፈዋለች። «በይ እስቲ አንቺ ፍረጅን። ወንዙ ጋ ምን አለችው?»

ማበጠሪያ ፈለግሁ። እጄ ላይ ነበር።

«እዚህ? ምንም አላለች።»

«እሺ ማለቷ ነው አይደል?»

«አይ። እሷ አትፈልግም። ፈራች፣ ዝም አለች። ልጁ እሺ መሰለው። አባት እሺ መሰለው። ሁሉም ሰው።»

«ኋላ የምታለቅሰውስ?» አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ተሰማኝ። እናቷ ናፍቃት ነው ብዬ ነበር የነገርኳቸው። ሁልጊዜ።

«'ለምን አልተናገርኩም' ትላለች። ዘፈኑም ይሄ ነው።»

«ሳቢ፣ ያለ ፈቃዷ ዳርሻት በይኛ» አለች ያይኔአበባ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

የማላርን ፀጉር አጣምሜ ቆረጥኩት። በመስታወት አየችው፤ አየችኝም። ምንም አላለች። እኔም ምን ማለቷ እንደሆነ ለመገመት ደፈርኩ... ከዚያ ተውኩት። ይቅርታ ጠይቄ አስተካከልኩላት።

ሰኔ 11

በሩን ዘግቼ መስታወቱ ፊት ተለማመድኩ። «አልፈልግም።» ከበደ። «ይቅርብኝ።» ይሄ ልመና ነው። «እንጃ።» ይሄማ እሺ ነው።

ለዚያች የፊልም ልጅ ስንት ቃል ሰጥቻታለሁ? ያለ ችግር ነበር የሚወጣው። የራሴ ሲሆን...

ሰኔ 12

መጡ። አጎቴና ሁለት ምስክሮች። እናቴ ምንጣፉን ሦስት ጊዜ አስተካከለችው።

«ሳቢራ፣ ለኑዕማን በድሩ እድርሽ ዘንድ ፈቅደሻል?»

ዝም አልኩ። አውቄ አይደለም። የተለማመድኩት ቃል ጠፋብኝ። ውጭ ባጃጅ አለፈ። አጎቴ ትንሽ ጠበቁና ለመነሳት ጉልበታቸውን ያዙ።

«አጎቴ፣ ዝምታዬን አይቁጠሩት።»

ተመልሰው ተቀመጡ።

«ምን አለች?» አሉ አንደኛው ምስክር። ጆሯቸው ይከብዳል።

«ሥራዬን ዘግቼ ሽንዲ አልሄድም። በዚህ ከሆነ አልፈቀድኩም።»

«ጮክ በይ ልጄ።»

ደገምኩት። በሁለተኛው እሳቸውም ሰሙኝ።

እናቴ ቀና አላለችም። አጎቴ በሩ ላይ ጫማቸውን ሲያጠልቁ ቆዩ። «ስንቷን ጠይቄያለሁ» አሉ፣ ለጫማው የሚነግሩት ይመስል። «መልስ የሰጠችኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»

ተቆጡ? አላውቅም። ሳይበሉ ሄዱ።

ሰኔ 15

እናቴ አታናግረኝም። ግን ዛሬ ፀጉር ቤቱ ድረስ መጥታ የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሻሿን ፈታች። ከዚህ በፊት መጥታ አታውቅም። ሽበቷን አጠብኩላት። ውኃው ሲፈስ ዓይኗን ጨፈነች። ምን እያሰበች እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ሰኔ 18

ኑዕማን ደወለ። ለአጎቴ አይደለም፣ ለኔ።

«ያልሽውን ነገሩኝ።»

«እሺ።»

«በርበሬ ቡሬም ይሸጣል» አለ።

«ይሸጣል።»

«እኔ ብመጣስ?»

«የሽንዲው ሱቅህስ? አባትህስ ምን ይላሉ?»

ዝም አለ። በሱ በኩል ሰው ዋጋ ሲከራከር ይሰማል፣ ጆንያ ሲጎተት። በልማዴ «ፈርቶ ነው» ልል ነበር። «ናፍቆኝ ነው» ልልም ምንም አልቀረኝ። ምላሴን ያዝኩ። ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛውሬ፣ እሱ ራሱ እስኪናገር ጠበቅሁት።