የልጄ መኪና ሚኒሞ

መጋቢት 7

ሽንኩርት ልጬ አልጨረስኩም ነበር። የልጄ መሥሪያ ቤት የስምሪት ኃላፊ ከሁለት ሰዎች ጋር መጣ። ግቡ አልኩ፣ ገቡ። ተቀመጡ አልኩ፣ አልተቀመጡም። ያኔ ገባኝ።

ልጄ የጭነት መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ ጋቢናው ውስጥ ተኛ። ጠዋት አልነቃም። ልቡ ነው አሉ። በሠላሳ አራት ዓመቱ... ልብ?

ምድጃውን ማን እንዳጠፋው አላውቅም።

መጋቢት 12

ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ሴቶቹ አብረውኝ ያለቅሳሉ። ወንዶቹ ጥቂት አንገታቸውን ደፍተው ይቀመጡና አንድ በአንድ ወደ ግቢ ይወጣሉ። ምን ሊሠሩ? በመስኮት አየሁ። የልጄን አሮጌ መኪና ኮፈን ከፍተው ከበውታል። እኔን ማየት ከበዳቸው፤ ስለዚህ ካርቡሬተር ያያሉ። ካርቡሬተር አያለቅስም።

መኪናው አንድ አመል አለው። ሲሄድ ደህና ነው። ቆሞ ሳለ ኤሲ ከተከፈተ ግን ሞተሩ ይንቀጠቀጥና ይጠፋል። ልጄ ስመለስ አየዋለሁ ብሎ ነበር የወጣው። ይህንኑ ለአንዱ ለቀስተኛ ነገርኩት። ምነው አፌን በቆረጠው።

መጋቢት 15

ዋርሳዬ፣ የሟች ባሌ ታናሽ ወንድም፣ ካቻቢቴ ይዞ ለቅሶ መጣ። ካርቡሬተሩ ላይ ሚኒሞ የምትባል ብሎን አለች። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲዞር ፍጥነቱን የምትወስነው እሷ ናት አለኝ። አጠበቃት። ከሰዓት ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው መጣና፣ ማነው ፍጥነቱን እንዲህ ያበዛው ብሎ አላላት። ማታ ዋርሳዬ ተመልሶ አጠበቃት። ሁለቱም እግዚአብሔር ያጽናሽ ብለውኝ ሄዱ።

መጋቢት 16

ልብስ ሰፊው ካንዴላው ነው ይላል። ዋርሳዬ ቤንዚኑ ነው ይላል። አንዱ ደግሞ የአየሩ ሙቀት ነው አለ። ሁሉም እርግጠኛ ናቸው። ስለ ልጄ ልብ ሐኪሙ እንኳ እንዲህ እርግጠኛ አልነበረም።

መጋቢት 24

ዋርሳዬ ገዢ አግኝቷል። ለብረቱ ብቻ የሚወስደው ሰው።

«እታለም፣ ሁለት ሴቶች ይሄን የብረት ክምር ምን ታደርጉበታላችሁ?»

ምን እናደርግበታለን... ምራቴ ወሯ እየገፋ ነው። እግሯ አብጧል። በየሳምንቱ ሐኪም ዘንድ ትሄዳለች፤ ሐኪሟም ከሙቀት ተጠበቂ ብሏታል። ባለፈው በአውቶቡስ ሄዳ፣ መሀል መንገድ ላይ ራሷን ስታ ወደቀች። ባሏን በቀበርን በሳምንቱ። እሷን ደግሞ ልጣ? የሆዷንስ?

መንዳት ታውቃለች። ግን ሆስፒታሉ የከተማው ሌላ ጫፍ ነው፤ መንገዱ ሁሉ የትራፊክ መብራትና ግፊያ። ኤሲ ካልሠራ በእሳት መቀመጥ ነው። ኤሲ ሲሠራ ደግሞ ሞተሩ ይጠፋል።

ከዋርሳዬ ጋር ተስማማን። ገዢው ሚያዝያ 12 ይመጣል። እስከዚያ መኪናው ቆሞ፣ ኤሲው ተከፍቶ፣ ሞተሩ በደንብ ከዞረ ይቀራል። ካልዞረ ይውሰደው። ዋርሳዬ እሺ ሲል እንደ ሕፃን ነው ያባበለኝ።

መጋቢት 26

ሞከርነው። ምራቴ ነዳች። ዋርሳዬ ባጠበቃት ብሎን ሞተሩ እንደ ወፍጮ ይጮሃል። መብራት ላይ ቆመን ትራፊኩ ትክ ብሎ አየን። ነፍሰ ጡርና ጥቁር የለበሰች አሮጊት፣ እሽቅድምድም ልንጀምር መስሎታል። የሙቀቱ መርፌ ደግሞ ወደ ላይ...

ይኸው አልጠፋም አይደል ወይ አለ ዋርሳዬ። የተስማማነው ቆሞ እንዲዞር ነው እንጂ እንዲበር አይደለም አልኩት።

መጋቢት 28

ዛሬ ምራቴ ልብስ እያጠፈች ድንገት አንድ ነገር አለች። «እማማ፣ ድሮ እኮ ኤሲ ስንከፍት ሞተሩ ዝቅ ይልና ራሱ ከፍ ይል ነበር።»

ራሱ? ማን ነው ከፍ የሚያደርገው?

ዋርሳዬን ጠየቅሁ። ሞተሩ ነዋ አለ። ልብስ ሰፊውን ጠየቅሁ። እግዚአብሔር አለ። የእሱ ይሻላል።

ሚያዝያ 4

ጋራዥ ሄድን። መካኒኩ ጥቁሬን አይቶ ነፍስ ይማር አለ። ከዚያ ኮፈኑን ሳይከፍት፣ ካርቡሬተሩ ይቀየር አለ። በአንድ ትንፋሽ።

መጀመሪያ ጥያቄዬን መልስልኝ አልኩት። ኤሲ ሲከፈት ሞተሩን ከፍ የሚያደርገው ማን ነው? ሥራ አለብኝ አለ። እጠብቃለሁ ብዬ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። ሐዘንተኛን ተነሺ የሚል ሰው የለም። ጥቁር የመልበስ አንዱ ጥቅሙ ይኸው ነው።

ቢጨንቀው ከፈተው። ካርቡሬተሩ ጎን የጣሳ ክዳን የምታህል ክብ ቆርቆሮ አለች። ዘንግ ወጥቶላታል። ኤሲ ሲከፈት ሞተሩ በቀጭን የጎማ ቱቦ ከውስጧ አየር ይስባል፤ ዘንጓ ትንቀሳቀስና ሞተሩን ትንሽ ከፍ ታደርገዋለች። የኤሲው ሸክም እንዳይጥለው።

ታዲያ ለምን አትንቀሳቀስም?

«ወይ እሷ ውስጧ ተቀዷል፣ ወይ ቱቦው ነው፣ እናቴ። በአፍ ስቦ ማየት ነው።»

ቱቦውን መሀሉ ላይ ካለው መጋጠሚያ ነቅሎ እጁን የሚጠርግበት ጨርቅ ሲፈልግ፣ በቆርቆሮዋ በኩል ያለውን ጫፍ ቀማሁትና ሳብኩ። አፌ ቤንዚን ቤንዚን አለኝ። ዘንጓ ግን ተንቀሳቀሰች። እሷ ጤነኛ ናት።

መካኒኩ ቀሪውን ቱቦ እስከ ሥሩ ተከታተለው። ወደ ሞተሩ በሚገባበት በኩል ደርቆ ተሰንጥቋል፤ እጥፍ ሲያደርጉት አፉን ይከፍታል። ይኸው ነው ነገሩ ሁሉ። ጣት የማያህል ቁራጭ ጎማ። አዲስ ቆርጦ አስገባ። ቀጥሎ ብሎኗን ወደ ቦታዋ ሊመልስ ጎንበስ አለና፣ ይህቺን ማነው እንዲህ የፈጃት አለ።

ለቀስተኛ አልኩት።

ምራቴ ኤሲውን ከፈተች። ሞተሩ ዝቅ አለ... ዝቅ አለ... ከፍ አለ። ቆሞ፣ ዝም ብሎ፣ ዞረ። ምራቴ መሪው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። መካኒኩ ሄዶ የሌላ መኪና ኮፈን ከፈተ።

ሚያዝያ 12

ዋርሳዬ ገዢውን ይዞ መጣ። ምራቴ ግቢ ውስጥ ሞተሩን አስነስታ፣ ኤሲውን ከፍታ፣ እግሯን ዘርግታ ጠበቀቻቸው። ዋርሳዬ ጆሮውን ሰጥቶ ብዙ ቆየ። እስኪጠፋ ይጠብቃል። አልጠፋም። ገዢው ሳቀና ሄደ። ልብስ ሰፊው በአጥር በኩል፣ እኔ ያላላኋት ብሎን ሠራች አይደል አለ። ይሁንለት።

ዋርሳዬ ካቻቢቴውን እንደያዘ ቀረ። የሚከፈት ኮፈን የለም፤ የሚጠብቅ ብሎን የለም። ቤት ገባና አጠገቤ ተቀመጠ። ልጄ ከሞተ ገና አሁን መቀመጡ ነው።

«መንዳት ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ እታለም። በዚሁ መኪና። በመጣሁ ቁጥር ግቢ ውስጥ ቆሞ ሳየው...»

እስኪመሽ ተቀመጥን።

ግንቦት 6

ሴት ናት። እናትየውም ደህና ናት። ዋርሳዬ ነው ነድቶ ያደረሰን። ቀትር ላይ፣ ኤሲው ተከፍቶ፣ መብራቱ ሁሉ ቀይ ሆኖብን። አንድም ቦታ አልጠፋም።

ሰው ደግሞ ሊጠይቀን ይመጣል። ወንዶቹም ቁጭ ይላሉ፤ ሕፃን ያቅፋሉ፤ ስለ ልጄም ያወራሉ። ችግሩ፣ ልጅሽ መልአክ ነበር ይላሉ። የቱ ልጄ? የኔ ልጅ ቁጡ ነበር። ሲነዳ አፉ አይጣል ነው። ጠዋት ካልጎተቱት አይነሳም። ስለ ምግብ ያጉረመርማል፤ ከዚያ ድስቱን ይጠርጋል። ስስቅ ደስ ስለሚለው ብቻ የማይሆን ነገር ያወራል።

ይህን አንድ ቀን የምታነቢው አንቺ ሕፃኗ ብትሆኚ፣ ወይም ማንም ብትሆኑ፣ ለልጄ ጸልዩለት። ግን እንደነበረው አድርጋችሁ። መልአክ ካላችሁትማ እግዚአብሔር የማንን ነፍስ እንደምትለምኑት ግራ ይገባዋል።